በሰው ወረቀት ላይ የጻፍኩት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ስለ ሥራ ዘመኔ ጥቂት እንድናገር ጠየቁኝ። «አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም ገባሁ፣ በሰላም ወጣሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ፎቶ ተነሳን። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ ግን ያልኩት ነገር ከነከነኝ። በሰላም ብቻ አልወጣሁም። አንድ ሰው በድያለሁ። የበደልኳት ሰው ደግሞ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀችኝ ናት። ያን ዕለት ያላልኩትን አሁን እጽፈዋለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ከማንም በፊትም እሷ አንብባዋለች።

ሙያዬ የቡና ቅምሻ ነው። «በምላሴ ነው የኖርኩት» ስል ሰው ይስቃል፤ በአማርኛ በምላስ መኖር ሌላ ነገር ስለሆነ። የእኔ ግን ቃል በቃል ነው። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ተወልጄ አደግኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ በአንድ የቡና ጥራት ላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም።

ቀማሾቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ ስኒዎቹን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ከማጠቤ በፊት አሸታቸው ነበር፤ ማንም ያዘዘኝ የለም። አንድ ቀን አንዷን ስኒ ለብቻ አስቀምጬ ሌሎቹን ሳጥብ ዋናው ቀማሽ ጋሽ ከማል ከበሩ ላይ ቆመው ኖሮ፣

«ያቺን ለምን ለየሻት?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «እርጥብ ጆንያ ትሸታለች» አልኳቸው።

ስኒዋን አንስተው አሸተቱ። መልሰው አስቀምጠው ወጡ። በሳምንቱ ሰኞ ጠሩኝና የራሴ የሆነች የቅምሻ ማንኪያ ሰጡኝ። ዛሬም አለችኝ፤ ጠርዟ ሳስቷል።

ጋሽ ከማል የአወቱ መንደራ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ። ቅምሻ ባለበት ቀን ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የነካ ቁርስ አይበሉም፤ ሽታ ባለው ሳሙናም አይታጠቡም። ማስተማሪያቸው ደግሞ የሐሙስ ገበያ ነበር። ዓይኔን ያስጨፍኑኝና ክንዴን ይዘው በድንኳኖቹ መሃል ያዞሩኛል። «አሁን የት ነን?» ይሉኛል። ኮረሪማ፣ አዲስ ገመድ፣ የከረመ ቅቤ፣ የፍየል ቆዳ፣ ዝናብ የነካው ሣር እያልኩ እቆጥራለሁ። ከተሳሳትኩ አይቆጡም፤ እዚያው መልሰው ያቆሙኝና «እንደገና» ይላሉ። አንድ ጊዜ ናሙና ቀምሰው «ይሄ ወንዝ ዳር የበቀለ ነው፤ ሲደርቅ ግን ደመና መትቶታል» አሉ። መዝገቡ ሲከፈት ከጌራ ወንዝ ዳር የመጣ፣ ዝናብ በገባበት ሳምንት የደረቀ ቡና ነበር። የአላህ ሥራ ነው አልኩ።

ሁለት ነገር ላይ ግን ጥብቅ ነበሩ። አንደኛ፣ ናሙናው በኮድ ብቻ ይቀርባል፤ የመጣበትን አገር ማንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሁሉም ጽፎ ብዕሩን እስኪያስቀምጥ ድረስ ማንም አይናገርም። አንዴ አንድ መጥፎ ስኒ ስቀምስ ፊቴን አጨማደድኩ። ከሥራ በኋላ ጠርተው «ኸዲጃ፣ ፊትሽም ይናገራል። የሰው ወረቀት ላይ አትጻፊ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አጋሮ ተመድቤ ሠራሁ፤ ብዙ ዓመት። እዚያ አንድ አለቃ ነበረን፤ ቡናውን ሳይቀምስ ውጤቱን የሚያውቅ ሰው። «ትንሽ ከፍ አድርጊው» ይለኛል። «ምላሴ ከፍ አይልም፣ ጌታዬ» እለዋለሁ። ይስቅ ነበር፣ ግን ዕድገቴን ሁለት ጊዜ አስቀረው። እሱን ልለፈው። ወደ ጅማ ስመለስ ጋሽ ከማል ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ዋና ቀማሽ ሆኜ የተቀበልኩት የሳቸውን ወንበር ነው። ሶስና የመጣችው እዚያ እያለሁ ነው።

ሶስና የሆሳዕና ልጅ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ጀማሪ ተመራማሪ ሆና ተመደበች። በመጀመሪያው ጠዋት «ደህና አደርሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሁለት ጊዜ ነቅቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደህና» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ቀን ሳልጠይቃት «ዛሬ አንዴም አልነቃሁም» ብላ አለፈች።

ቡና ሲቀመስ ድምፅ አለው። ማንኪያውን ከንፈር ላይ አድርገህ ከአየር ጋር በኃይል ትስበዋለህ፤ ካልሆነ ሽታው ወደ አፍንጫ አይወጣም። አምስት ሰው ሲስብ ክፍሉ በፉጨት ይሞላል። ሶስና የመጀመሪያው ዙር ላይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች፤ ጣቶቿ ነጡ። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች። እኛ ጨርሰን ስንወጣ ተመልሳ ገባችና የቀዘቀዘውን ቡና ብቻዋን ቀመሰች። ይህ በየቀኑ ሆነ። «ንቀት ነው» ተባለ። «ከእኛ ጋር መቅመስ አንሷት ነው» አሉ። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው አስቤ ነበር።

አንድ ቀን ግን ወረቀቷን አየሁት። ቡና ሲቀዘቅዝ እንከኑ ይወጣል፤ በሙቀቱ የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል። ሶስና ከአርባ ስኒዎች መሃል እኛ ንጹህ ያልናቸውን ሦስቱን ለይታ «የዘነበበት ደረቅ አፈር፤ መጨረሻ ላይ ብቻ» ብላ ጽፋለች። ሄጄ ቀመስኳቸው። እውነት ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ከተዋጠ በኋላ፣ ጉሮሮ ሥር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንቱን ዓመት ያን ሽታ እንዳሳለፍኩት አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ያ የአፈር ሽታ ሥራዋ ሆነ። የእኛን አካባቢ ቡና ስሙን የሚያጠፋበት እሱ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ምክንያት ቡናው መሬት ላይ መሰጣቱ ነበር። ሰርቦ አካባቢ ግን ገበሬዎቹ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ሠርተው እንኳ ሽታው አልለቀቀም። ሶስና ለምን የሚለውን ይዛ ተነሳች። እኔም አብሬያት ሄድኩ።

አባ ዲጋ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ገባን። ሶስና ሰላምታ ሳትሰጥ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች፤ አጎንብሳ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ቡናውን በስንዝር በስንዝር ማሽተት ጀመረች። አባ ዲጋ ወደ እኔ ዘወር አሉና «ኢንተሊ ቱን ማል ጎቲ?» አሉኝ፤ ይቺ ልጅ ምን እያደረገች ነው ማለታቸው ነው።

«ቡናውን እያናገረች ነው» አልኳቸው በኦሮምኛ።

«ከእኛ ጋርስ?»

«እኛ ቀስ እንላለን።»

አባ ዲጋ ሳቁና ወንበር አመጡልኝ። ሶስና አልጋውን ዞራ ለመጨረስ እስከ ቀትር ቆየች። ከዚያ መጥታ «ማታ ምን ታለብሱታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ላስቲክ ነው፤ ጤዛ እንዳይመታው» አሉ።

«ላስቲኩ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው?»

«ኤዬ፣ ጠርዙ ላይ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ከመሃል አንድ ከረጢት፣ ከጠርዝ አንድ ከረጢት ወሰደች። በሌሎች ግቢዎችም እንደዚያው አደረገች፤ ከረጢቶቹን በኮድ ዘግታ ለእኔ ሰጠችኝ። ቆላሁ፣ ፈጨሁ፣ ውኃ አፈሰስኩ። የትኛው ከየት እንደሆነ አላውቅም። ቀምሼ ጻፍኩ። ኮዱ ሲፈታ ከአንድ ገበሬ፣ ከአንድ ዛፍ፣ ከአንድ አልጋ የመጣ ቡና ሁለት አገር ሆኖ ተገኘ። የመሃሉ ሁሉ ንጹህ፣ አበባ አበባ የሚል፤ የጠርዙ ሁሉ አፈር። ማታ የቡናው እርጥበት ላስቲኩ ሥር ወዝቶ፣ በላስቲኩ ተንሸራቶ ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል። እዚያ ነው ሻጋታው የሚጀምረው። ትንሿ የጠርዝ ቡና ከሌላው ጋር ስትደባለቅ ጆንያውን ሙሉ ታበላሻለች።

«ሱብሃነላህ» አልኩ። ያን ቃል በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከልቤ ያልኩት ትዝ አይለኝም። ሶስና «ገና በሌላ ወረዳም መደገም አለበት» አለችና ከረጢቶቹን መደርደር ጀመረች።

ምስጢሯን የነገረችኝ በሁለተኛው ጉዟችን ነው። ሰርቦ መንገድ ዳር ዋርካ ሥር መኪና እየጠበቅን ነበር። ወደ መንገዱ እያየች፣

«እትዬ ኸዲጃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ኦቲዝም አለኝ» አለችኝ። «ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሐኪም አየችኝ። ስትነግረኝ አላዘንኩም። ስም ሲያገኝ ቀለለኝ።»

እኔ ኦቲዝም ሲባል የማውቀው በቴሌቪዥን ያየኋቸውን ልጆች ነው። «እሱ የልጆች አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ልጆቹ ያድጋሉ፣ እትዬ።»

አፈርኩ። ቀጠለች። ውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስተምር የምርምር ቡድን አለ፤ የአፈሩን ሽታ ጉዳይ እዚያ ልትጨርሰው ትፈልጋለች። መጀመሪያ ግን የእኛ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ እጩ አድርጎ ማቅረብ አለበት። ቅጹ ላይ «የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ይግለጹ» የሚል ቦታ አለ። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ መሃሉ ላይ መስመር ተሰምሮ በአንድ ወገን «ብናገር»፣ በሌላው «ባልናገር» ይላል። ሁለቱም ወገን እስከ ታች ተሞልቷል።

«ካልነገርኳቸው ባለጌ ነኝ» አለች። «ከነገርኳቸው በሽተኛ ነኝ። የትኛው ይሻላል?»

«በሰው አፍ አትግቢ፣ ማሎ» ብዬ ለመንኳት። «ሥራሽ ይናገርልሽ።»

«ሥራዬን የሚያዩት እኔን ካለፉ በኋላ ነው» አለችኝ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር ጠየቀችኝ። የምታውቀው ሐኪሟ፣ እህቷና እኔ ብቻ ነን አለች። «አማና ነው» አልኳት። አማና በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም፤ በአላህ ፊት የተቀበሉት አደራ ነው።

አደራውን ሁለት ወር ጠበቅሁት።

ከሩቅ አገር እንግዶች መጥተው የቅምሻ ዝግጅት ነበረን። ክፍሉ ሞልቷል፤ አሥራ ሁለት ሰው ማንኪያ ይዞ ይስባል። ሶስና በሁለተኛው ስኒ ላይ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። አንዱ እንግዳ ተከትሏት ሲያናግራት ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ኃላፊያችን ዶክተር ታደለ እንግዶቹ እንደወጡ ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል።

«ይቺን ልጅ እጩ አድርጌ ብልካት ማንን ነው የማሰድበው?» አሉ። «ስሟን አወጣለሁ። ባህሪ የሌለው ሰው ተመራማሪ አይሆንም።»

የእጩዎቹ ዝርዝር ፊታቸው ነበር። ብዕሩን አነሱ። ያን ብዕር ሳይ የማስበው ጠፋኝ።

«ንቀት አይደለም፣ ዶክተር» አልኩ። «ልጅቷ ኦቲዝም አለባት። ድምፁ ያማታል። እስካሁን ችላው ነው።»

ብዕሩ ቆመ። ፊታቸው ሲለሰልስ አየሁ፤ ያዳንኳት መሰለኝ። «ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ» አሉ በሐዘን። «እኔ እኮ ስቆጣት ነበር። አይዞዎት፣ የሚሻላትን አደርጋለሁ።»

የሚሻላት የተባለው በሳምንቱ በደብዳቤ መጣ። ሶስና «የሥራ ጫና እንዳይበዛባት» ከምርምር ወደ ሰነድ ክፍል ተዛወረች። የእጩዎቹ ዝርዝር ላይ በስሟ ቦታ የሌላ ሰው ስም ገባ። በቁጣ ቢያስወጧት ይግባኝ ትላለች፤ በርኅራኄ ለሚያስወጣ ግን ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ የለም። ባልደረቦቼ እሷን ሲያናግሩ ቀስ እያሉ፣ እንደ ሕፃን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማናገር ጀመሩ። አንዲቷማ ከረሜላ ሰጠቻት።

ሶስና ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ደብዳቤው በእጇ ነበር።

«እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ላድንሽ ብዬ ነው። ስምሽን ሊሰርዙ ብዕር አንስተው ነበር።»

ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «እሳቸው ስሜን ቢሰርዙት ባዩት ነገር ይሆን ነበር» አለች። «እርስዎ የወሰዱብኝ ግን ልናገር አልናገር የሚለውን፣ እኔ ገና ያልወሰንኩትን ነው። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።» ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደነቃች ነግራኝ አታውቅም።

እንደዚያ ዓይነት ወራት አላሳለፍኩም። ቅምሻዬ ሳይቀር ተበላሸ፤ ሁሉም ስኒ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ጋሽ ከማል ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ያልደበቅሁት የለም። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ሰሙኝ።

«ገና ብዕሯን ሳታስቀምጥ ነው የተናገርሽው» አሉ።

«ሊጎዷት ነበር፣ ጋሽዬ።»

«ሊጎዷት ነበር። አንቺ ግን በወረቀቷ ላይ ጻፍሽባት።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለሽ ብቻ አትቅሪ። የሰበርሽበት ቦታ ሄደሽ ቁሚ።»

በማግስቱ ዶክተር ታደለ ዘንድ ገባሁና የነገርኳቸው የእኔ ምስጢር እንዳልነበረ፣ ሳትፈቅድልኝ እንደተናገርኩ፣ ያደረጉትም ደግነት መስሏቸው እንጂ ሥራዋን እንደነጠቃት ነገርኳቸው። ግራ ገባቸው። «አሁን ምን ይደረጋል? ደብዳቤው ወጥቷል» አሉ። የነገርኳቸውን በጽሑፍ አድርጌ፣ ፈርሜ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። ለሶስናም ግልባጩን ሰጠኋት። አንብባ አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰነድ ክፍል ሆና ምርምሩን አልተወችም። ቅዳሜ ቅዳሜ በራሷ ጊዜ አጋሮና ጎማ እየሄደች የአልጋ ጠርዝ ስታሸት እንደነበር የሰማሁት ከሾፌሮች ነው። በሚቀጥለው ዓመት የእጩነቱ ማስታወቂያ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

«አመለክታለሁ» አለች። «ኮሚቴው ፊት ራሴ እናገራለሁ።»

«እነሱ እኮ ያውቃሉ» አልኳት።

«እርስዎ የተናገሩትን ነው የሚያውቁት። እኔ ገና አልተናገርኩም።» ከዚያ «እርስዎ የኮሚቴው አባል ነዎት። ጥያቄ ካልጠየቅኩዎት በስተቀር እንዳይናገሩልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አምስት ሆነን ተቀመጥን። ሶስና ቆማ መጀመሪያ የምርምር ውጤቷን አቀረበች፤ ሦስት ወረዳ፣ ያው ውጤት። አንድ ሸበቶ የአፈር ተመራማሪ መነጽሩን አውልቆ የአልጋውን ጠርዝ ሥዕል እንደገና እንድታሳየው ጠየቃት። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣችና እያየችው አነበበች።

«ኦቲዝም አለኝ። ይህን ከሌላ ሰው ሰምታችኋል፤ አሁን ከእኔ ስሙ። የሚከብደኝ የቅምሻው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎች በኋላ ለብቻዬ እቀምሳለሁ። ትእዛዝ በጽሑፍ ቢሆንልኝ አልሳሳትም። ፕሮግራም ሲቀየር ቀደም ብሎ ይነገረኝ። ቀስ ብላችሁ ማናገር አያስፈልግም፤ በደንብ እሰማለሁ።»

ከኮሚቴው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺን ለመጉዳት አይደለም፤ ግን ከሰው ጋር ማንኪያ ይዞ መቆም የማይችል ሰው እንዴት የቡና ጥራት ተመራማሪ ይሆናል?»

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ኸዲጃ፣ በረመዳን ቀን ቀን እርስዎ ይቀምሳሉ?»

«አልቀምስም» አልኩ። «ፈሳሽ አፌ አላስገባም። ደረቁን ዱቄት አሽትቼ እጽፋለሁ፤ ማንኪያውን ሌሎች ይይዛሉ። ከኔ በፊት ጋሽ ከማልም እንደዚያው ነበሩ።»

«ለስንት ዓመት?»

«ላቦራቶሪው ከተከፈተ ጀምሮ።»

«በዚህ ምክንያት ቀማሽ አይደሉም ያለ ሰው ነበር?»

«የለም። ማንም አላለም።»

ሶስና ወደ ጠያቂው ተመለሰች። «ለእኔም የሚያስፈልገኝ ይኼው ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በየዓመቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ለእኔ ቦታ ሲለቀቅልኝ ኖሬ፣ ያን አንድ ጊዜ እንኳ ከእሷ ጋር አያይዤው አላውቅም። ይቺ ልጅ ግን አይታዋለች።

ዶክተር ታደለ አንገታቸውን ደፍተው «እኔ እኮ አዝኜልሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች ሶስና። «ሥራዬን የወሰደብኝ ሐዘንዎ ነው።»

የመጀመሪያውን የድጋፍ ድምፅ የሰጡት ግን እሳቸው ናቸው። በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ እጩ ሆነች። ወደ ምርምር ክፍልም ተመለሰች። ሁሉም ሰው ተለወጠ አልልም፤ ከረሜላ የሰጠቻት ሴት እስከመጨረሻው ጮክ ብላ እንዳናገረቻት ናት።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ለውጭው ቡድን የሚላከውን ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። «የተለየ ድጋፍ» የሚለው ጋ ስትደርስ ባዶውን ተወችው።

«ኮሚቴው ፊት እንዲያ ተናግረሽ?» አልኳት።

«እዚህ ለመሥራት መናገር ነበረብኝ። እነዚያ ገና አያውቁኝም። ስሄድ ሰዎቹን አያለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ። አንዴ ስለተናገርኩ ሁልጊዜ እናገራለሁ ማለት አይደለም።» ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ተወስኖ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ በየበሩ ፊት ቆሞ እንደ አዲስ የሚወሰን ኖሯል። ያን ሁሉ ድካም አሰብኩት፤ እሷ ደግሞ ያለ ምሬት ተሸክማው ትሄዳለች።

ሄደች። በስድስተኛው ወር ለአስተማሪዋ እንደነገረቻት ጻፈችልኝ። «‹ቀጠሮሽን በጽሑፍ እልክልሻለሁ› አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም» ይላል መልእክቱ።

እኔም በመሃሉ ጡረታ ወጣሁ። ባለፈው ክረምት ሶስና ለእረፍት መጥታ በቾ ቦሬ ቤቴ ድረስ መጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ድምፁ ወደማይበረታበት ጓዳ ገብተን ተቀመጥን። ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ፤ የሻጋታውን ዓይነት ለይታዋለች፤ ከግማሽ በላይ አልገባኝም። ከዚያ ስንት ዓመት አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ አወጣሁት።

«ሶስና፣ ይቅር ብለሽኛል?»

እንደ ልማዷ አሰበች። ቸኩላ «አዎ» ብትለኝ አላምናትም ነበር።

«አልረሳሁትም» አለች። «ሳስታውሰው አሁንም ያመኛል። ግን ጅማ ስደርስ መጀመሪያ ማየት የፈለግኩት እርስዎን ነው። ይቅርታ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ አዎ።»

እንባዬን አይታ ደነገጠች፤ ደስታ መሆኑን ስነግራት «እሺ» አለች። ዝናቡ አባራ፤ ጀበናውን ላውጣ ብላት እምቢ አለች፤ ዝም ብለን እንቀመጥ አለችኝ። እስኪመሽ ድረስ አልሄደችም።